አንገቱ ሲዞር ዓይኑ እንዳይጠፋ፦ ለአክሽን ፊገር ሰብሳቢ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

እኔ ጅማ ውስጥ ሂርማታ አካባቢ በሬዲዮና በቴፕ ጥገና ከአርባ ዓመት በላይ የሠራሁ ሰው ነኝ። ዛሬ ወደ ጠረጴዛዬ የሚመጣው ሥራ አብዛኛው ስልክ፣ ስፒከርና የፀሐይ ፋኖስ ነው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን አንድ ያልጠበቅሁት እንግዳ ተጨምሯል፤ እርሱም እናንተ አክሽን ፊገር የምትሉት፣ ክንዱና እግሩ የሚታጠፍ፣ አንዳንዱም ዓይኑና ደረቱ የሚበራ ትንሽ ምስል ነው። ዘመድ ከውጭ ሲመጣ በሻንጣው ይዞላችሁ የሚመጣው፣ ከጓደኛ ጋር የምትለዋወጡት፣ ሲሰበር ደግሞ የሚጠግነው ሰው የምታጡለት ዕቃ መሆኑን ከእናንተው ተረድቻለሁ። ይህን ነገር የልጅ ጨዋታ ነው ብሎ የሚንቅ ሰው አለ። እኔ ግን ከፍቼ ውስጡን ስላየሁት አልንቀውም፤ በአንድ ጣት ስፋት ውስጥ የሚታጠፍ ጉልበት ማበጀት ቀላል ሙያ አይደለም።

ለመጻፍ ያነሳሳኝ ደብተራችሁ ነው። ወደፊት እንዲሠሩላችሁ የምትፈልጓቸውን ምስሎች እየዘረዘራችሁ ምኞታችሁን ስትጽፉ አይቻለሁ፤ ክርኑ ሁለት ቦታ ይታጠፍ፣ ቁርጭምጭሚቱ ወደ ጎን ያዘንብል፣ የእግሩ ጣት ይንቀሳቀስ፣ ዓይኑ ይብራ፣ መዳፉም ይብራ ትላላችሁ። ምኞታችሁ መልካም ነው። ሆኖም መታጠፍና መብራት በአንድ ትንሽ አካል ውስጥ ለአንድ ቦታ የሚሻሙ ነገሮች ናቸውና፣ መገጣጠሚያውን ስትመኙ ሽቦው በየት በኩል እንደሚያልፍ አብራችሁ እንድታስቡ እለምናችኋለሁ።

ባለፈው ጥቅምት አንዲት ተማሪ ቁመቱ ሠላሳ ሳንቲ ሜትር ገደማ የሚሆን፣ ደረቱና ዓይኖቹ የሚበሩ ምስል በነጠላ ጠቅልላ አመጣችልኝ። «ጋሼ፣ ወደ ቀኝ ሲያይ ይበራል፤ ወደ ግራ ሳዞረው ግን ይጠፋብኛል» አለችኝ። ጭንቅላቱን በቀስታ ነቅዬ በማጉያ መነጽር ስመለከት፣ ከፀጉር ብዙም የማይወፍሩ አንድ ቀይና አንድ ጥቁር ሽቦዎች በአንገቱ ኳስ ጎን ባለች ጠባብ ቦይ ውስጥ ተወጥረው ያልፋሉ። ጥቁሩ ሽቦ ላይ ላዩን ሲታይ ምንም አልሆነም። በጥፍሬና በአውራ ጣቴ መካከል ይዤ በስሱ ስስበው ግን አንድ ቦታ ላይ ልባሱ እንደ ላስቲክ ተለጠጠ፤ ውስጡ ያለው መዳብ ተበጥሶ፣ ሁለቱ ጫፎች አንገቱ ወደ ቀኝ ሲሆን እየተነካኩ፣ ወደ ግራ ሲሆን እየተለያዩ ነበር። ይህንን ሕመም ከድሮ አውቀዋለሁ። የጆሮ ማዳመጫ ሽቦ ሁልጊዜ ከመሰኪያው ሥር የሚበጠሰው፣ ተከፍቶ የሚዘጋው የድሮ ስልክ ማጠፊያው ጋ ስክሪኑ የሚጠፋበት ምክንያት ይኸው ነው። መዳብ በአንድ ቦታ ደጋግሞ ሲታጠፍ ይደክማል፤ ከደከመ በኋላም የሚበጠሰው ከውጭ በማይታይበት በልባሱ ውስጥ ነው።

ጥገናው የወሰደብኝ አንድ ከሰዓት በኋላ ነው። ከብዙ ቀጫጭን ክሮች የተሠራ ሽቦ ፈልጌ፣ በስክሪብቶ ቀፎ ላይ ሁለት ዙር ጠምዝዤ እንደ ሞላ ካደረግሁት በኋላ ጥምዝዙን በደረቱ ባዶ ቦታ ውስጥ አስቀመጥሁት፤ አሁን አንገቱ ሲዞር ሽቦው በአንድ ነጥብ ላይ መታጠፉ ቀርቶ ጥምዝዙ በሙሉ በጥቂቱ ይላላል፣ ይጠብቃል። ሠሪው ሽቦውን ሁለት ሳንቲ ሜትር አስረዝሞት ቢሆን ኖሮ ልጅቷ እኔ ዘንድ ባልመጣች ነበር። በጣም የቆጨኝም ይህ ነው፤ ያን የመሰለ ፊትና ልብስ የሠራ እጅ ሁለት ሳንቲ ሜትር ሽቦ ነፈገ።

ለመሆኑ መገጣጠሚያ ስንት ቢሆን ይበቃል? እ.ኤ.አ. በ1964 ሃስብሮ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ጂ.አይ. ጆ የተባለውን የወታደር ምስል ሲያወጣ፣ ወንዶች ልጆች በአሻንጉሊት አይጫወቱም ተብሎ ስለተፈራ «አክሽን ፊገር» የሚለውን ስም ያኔ ሰጠው። ያ ምስል ሠላሳ ሳንቲ ሜትር ገደማ ቁመት የነበረውና 21 የሚንቀሳቀሱ ክፍሎች አሉት ተብሎ የተሸጠ ነው። ከአሥራ አራት ዓመት በኋላ በ1978 ኬነር የተባለው ኩባንያ ያወጣቸው የስታር ዎርስ ምስሎች ግን ዘጠኝ ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ሆነው የሚንቀሳቀሱት በአምስት ቦታ ብቻ ነበር፤ አንገት፣ ሁለት ትከሻና ሁለት ጭን። በቁጥር ቢመዘን ወደ ኋላ መመለስ ነው። ያም ሆኖ እነዚያ ትንንሾቹ በመላው ዓለም ተወደዱ፤ በኪስ ይገባሉ፣ ዋጋቸው ይቀላል፣ ለሚቀመጡበት መኪናና መንኮራኩርም ልካቸው ይስማማል።

ከሁሉ የሚበልጥብኝ ግን የ1982ቱ ትንሹ ጂ.አይ. ጆ ነው። የምስሉ ላይኛውና ታችኛው አካል የተያያዘው በአንዲት ክብ ጎማ ነው፤ ጎማዋ ከእግሮቹ መንጠቆ ተነሥታ በደረቱ ውስጥ ትወጠራለች፤ ጀርባው ላይ ያለችውን አንዲት ብሎን በካቻቢቴ ስትፈቱ መላው ምስል ይበተናል። ጎማዋ በዕድሜ ብዛት ትደርቃለች፣ ትበጠሳለች፤ ነገር ግን ልኳን የመሰለች ሌላ ክብ ጎማ ከተገኘች ምስሉ እንደገና ይቆማል። ሠሪው ዕቃው እንደሚያረጅ አስቀድሞ አውቆ በር የተወለት ይመስለኛል። በማግስቱ ዓመት በ1983 ደግሞ ከክርኑ በላይ አንዲት ዙሪያዋን የምትዞር መገጣጠሚያ ተጨመረችለትና ክንዱ ዙሪያውን መዞር ቻለ፤ በዚህም የተነሣ ምስሉ መሣሪያውን በሁለት እጁ መያዝ ሆነለት። የጨመሩት አንድ ዓይነት መገጣጠሚያ ብቻ ነው፤ ያም የተጨመረው ምስሉ ሊሠራው ያልቻለው ሥራ በግልጽ ስለታወቀ ነው። እናንተም በደብተራችሁ «ሠላሳ መገጣጠሚያ ይኑረው» ከምትሉ «ተንበርክኮ ሳይወድቅ ይቁም» ወይም «ሁለት እጁ ደረቱ ላይ ይገናኝ» ብትሉ፣ ሠሪው የት መቁረጥ እንዳለበት ራሱ ያገኘዋል።

እዚህ ላይ የከተማችንን በርጩማ ላንሣ። የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣ ስለሆነ እግሩ ከመቀመጫው ጋር የሚያያዝበት መገጣጠሚያ የለውም፤ ስለዚህም ሲነቃነቅ አታዩትም፣ ከገዛው ሰው ዕድሜም ይተርፋል። ተገጣጥሞ የተሠራ ወንበር ግን መጀመሪያ የሚላላው መገጣጠሚያው ጋ ነው። በምስሎቻችሁም ዘንድ እንዲሁ ነው፤ እያንዳንዱ የጨመራችሁት ማጠፊያ አንድ ቀን የሚላላ፣ ቀለሙ የሚፋቅበት፣ የአካሉ ቅርጽ የሚቋረጥበት ቦታ ነው። ይህን ዋጋ ለጉልበትና ለክርን በደስታ ክፈሉ። ለእግር ጣት ግን ሁለት ጊዜ አስቡ፤ ጣቱ ሲላላ የምስሉ ሙሉ ክብደት የሚያርፍበት መሠረት አብሮት ይላላልና።

ወደ መብራቱ ልመለስ። የሚታይ ቀይ ብርሃን የሚሰጠውን ኤልኢዲ የተባለውን ትንሽ መብራት አሜሪካዊው ኒክ ሆሎንያክ የሠራው እ.ኤ.አ. በ1962 ሲሆን፣ ደማቁ ሰማያዊ የተገኘው ግን በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ ለዚህም ሥራ አካሳኪ፣ አማኖና ናካሙራ የተባሉት ሦስት ሊቃውንት በ2014 የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። ነጩም ብርሃን የተገኘው ከሰማያዊው በኋላ፣ በእርሱ ላይ ተመሥርቶ ነው። ይህ ለእናንተ ምን ያደርግላችኋል ብትሉ፣ ቀዩ ኤልኢዲ ሁለት ቮልት ገደማ ሲበቃው ሰማያዊውና ነጩ ሦስት ቮልት ገደማ ይፈልጋሉ። የተለመደችው የሰዓት ባትሪ አንድ ቮልት ተኩል ብቻ ስለምትሰጥ ነጭ ዓይን ለማብራት ቢያንስ ሁለቱን መደራረብ ያስፈልጋል። ኤልአር 41 የሚባለው ትንሹ ባትሪ ስፋቱ 7.9 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ 3.6 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሁለቱ ሲደራረቡ ከሰባት ሚሊ ሜትር ያልፋሉ። ከሰው አንድ አሥራ ሁለተኛ በሆነው፣ አሥራ አምስት ሳንቲ ሜትር በሚሆነው ምስል ላይ ጭንቅላቱ በጠቅላላ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ከዚህ ላይ የአንገቱን ኳስ፣ ኤልኢዲውን፣ ማብሪያ ማጥፊያውንና የፕላስቲኩን ግድግዳ ቀንሱ፤ ምን ቀረ? ባትሪው ደረት ውስጥ ይግባ ካላችሁ ደግሞ ሽቦው በአንገት ማለፉ ግድ ሆነ፤ የዚያች ተማሪ ችግርም የመጣው ከዚሁ ነው። ስለዚህ የሚበራ ዓይን ለሠላሳ ሳንቲ ሜትሩ ምስል የሚገባ ምኞት ነው፤ ጭንቅላቱ ባትሪውን ራሱ ሊይዝ ስለሚችል አንገቱ ያለ ሽቦ እንደ ልቡ ይዞራል። ለትንሹ ምስል ግን ሌላ መንገድ መፈለግ ይሻላል።

ሌላው መንገድ እኔን እጅግ ያስደነቀኝ ነው። ትራንስፎርመርስ ከሚባሉት፣ ቅርጻቸውን ወደ መኪና ወይም ወደ ሌላ ነገር ከሚለውጡት አሻንጉሊት ሮቦቶች የአንዳንዶቹ ዓይናቸውና የጭንቅላታቸው ጀርባ ከአንድ ብርሃን አስተላላፊ ፕላስቲክ የተሠራ ነው። ሮቦቱን ጀርባውን ወደ መስኮት አድርጋችሁ ስታቆሙት ብርሃኑ ከኋላ ገብቶ በዓይኑ ይወጣል፤ ባትሪ፣ ሽቦ፣ ማብሪያ የሚባል ነገር የለውም፤ የሚበላሽም ነገር የለውም። የጠዋት ፀሐይ በሱቄ መስኮት ስትገባ አንዱን እንደዚያ አቁሜው ብዙ ደቂቃ ቆሜ አይቼዋለሁ። በደብተራችሁ ውስጥ ይህን የጠየቀ አንድም አላየሁም፤ ብትጠይቁት ደስ ይለኛል።

ስለ ባትሪው በር የምታሰሙትን ቅሬታ ግን አልደግፍም። «ለምን በብሎን ይታሰራል? በጥፍር ቢከፈት ምን አለበት?» ትላላችሁ። የሰዓት ባትሪ የዋጠ ሕፃን በሁለት ሰዓት ጊዜ ውስጥ ጉሮሮው ክፉኛ ሊቃጠል ይችላል፤ ባትሪዋ በእርጥብ ሥጋ ላይ ስታርፍ ኤሌክትሪኩ እዚያው የሚያቃጥል ኬሚካል ይፈጥራልና። በየቤታችሁ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ የሚወስድ ታናሽ ወንድም፣ እህት ወይም የጎረቤት ልጅ አለ። ብሎኗ ትቆይ። ያለቀችውንም ባትሪ ጠረጴዛ ላይ አትተዉ፤ ያለቀች የምትመስለው እንኳ ለመጉዳት የሚበቃ ኃይል ይቀራታል። ልጅ ዋጠ ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ደግሞ ምልክት እስኪታይ ሳትጠብቁ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ሩጡ።

የጅማ አየር ሌላ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ዝናባችን ረጅም ነው፣ እርጥበቱም ቤት ውስጥ ይገባል። አንድ ክረምት አንድ ደንበኛ አደራ የሰጠኝን ቴፕ ድንጋዩን ሳላወጣ መደርደሪያ ላይ ትቼው፣ በመስከረም ስከፍተው ድንጋዩ ፈስሶ የመዳቡን ንጣፍ በልቶት አገኘሁት፤ ለሰውየው የራሴን ቴፕ ሰጥቼ ነው ይቅርታ የጠየቅሁት። በምስሎቻችሁ ውስጥ ያለችው ባትሪም እንዲሁ ታደርጋለች። ለእይታ ብቻ የምታስቀምጡትን ምስል ባትሪውን አውጥታችሁ አስቀምጡ፤ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዝገት ካገኛችሁ በኮምጣጤ በረጠበ ጥጥ ጥረጉት፣ ከዚያም በደንብ አድርቁት።

የላላ መገጣጠሚያ ያለው ሰው ኳሱን በስሱ ቀለም በሌለው፣ እንደ ውሃ በጠራ የጥፍር ቀለም ቀብቶ፣ ሙሉ በሙሉ ከደረቀ በኋላ ይመልሰው፤ ይበቃዋል። እንቢ ያለውን ግን በጉልበት አትጠምዝዙ። አዲስ ምስል ከካርቶኑ ሲወጣ ቀለሙ መገጣጠሚያውን አጣብቆት ሊሆን ስለሚችል፣ መብራት የሌለውን ምስል ለብ ካለው ትንሽ በሚበልጥ ሙቅ ውሃ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ አቆዩት፤ ፕላስቲኩ ሲለሰልስ በትንሽ ኃይል ይለቃል። መብራት ያለውን ግን ውሃ ውስጥ አትክተቱ፤ የፀጉር ማድረቂያ ከራቅ ብሎ ይበቃዋል።

ያቺ ተማሪ ምስሏን ልትወስድ ስትመጣ ደብተሯን ይዛ ነበር። «ዓይኑ ይብራ» የሚለውን ሰርዛ «ባትሪው ጭንቅላቱ ውስጥ ይሁን፤ ሲበራና ሲጠፋ ጭንቅላቱ መነቀል የለበትም» ብላ ጽፋለች። እንዴት አድርጎ ብዬ ስጠይቃት፣ ከውጭ ማግኔት ሲቀርብለት የሚገናኝ ማብሪያ የለም ወይ ብላ መልሳ ጠየቀችኝ። አለ፤ በቀጭን የብርጭቆ ቱቦ ውስጥ የታሸጉ፣ ማግኔት ሲጠጋቸው የሚነካኩ ሁለት የብረት ምላሶች ናቸው። ከአሮጌ የበር ማንቂያ የነቀልሁት አንድ አለኝ፤ ርዝመቱ ለጭንቅላቱ ትንሽ በዝቶብናል፣ ቅዳሜ በሰያፍ አስቀምጠን እንሞክረዋለን።