የአሜሪካ ወታደር ቤተሰብ ምን ድጋፍ አለው? ጥያቄና መልስ

ጥያቄዎቹ በአሜሪካ ጦር ውስጥ ከሚያገለግሉ ኢትዮጵያውያንና ከቤተሰቦቻቸው የመጡ ናቸው። አብዛኞቹ ምድር ጦርን ስለሚመለከቱ የቅጾቹ ስም በምድር ጦር አጠራር ነው፤ ባሕር ኃይልና አየር ኃይል የሚለዩበት ቦታ ላይ ተጠቁሟል። ደጋግሜ የማየው ችግር የአገልግሎት እጥረት አይደለም። አገልግሎቱ እያለ ወረቀቱ ስላልተስተካከለ የሚቀር ቤተሰብ ብዙ ነው። ስለዚህ መልሶቼ ወረቀት ላይ ይበዛሉ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ምድር ጦር ገብቷል። ኤሲኤስ፣ ኤስኤፍአርጂ፣ ዋን ሶርስ ሲባል እሰማለሁ። ልዩነታቸው ምንድን ነው? ወደየትኛው ልሂድ?

ሚሊታሪ ዋን ሶርስ ፔንታገን ለሁሉም የጦር ክፍሎች ያቆመው ነው። ስልኩ 800-342-9647 ሲሆን ቀንም ሌሊትም ይነሳል። የምክር አገልግሎት (ለአንድ ጉዳይ እስከ 12 ጊዜ፣ በነጻ)፣ የግብር ማስገባት እገዛ፣ አስተርጓሚና የሰነድ ትርጉም አለው። እንግሊዝኛ ካስቸገረሽ ገና ስልኩ ሲነሳ «አምሃሪክ» በያቸውና አስተርጓሚ ያስገቡልሻል።

ኤሲኤስ ጦር ሰፈሩ ውስጥ ያለ ቢሮ ነው፤ ሠራተኞቹ ደመወዝተኞች ናቸው። የገንዘብ አያያዝ ምክር፣ ሥራ ፍለጋ፣ ለአዲስ ገቢዎች መረጃ፣ ዕቃችሁ እስኪደርስ ድስትና ሳህን ማዋስ፣ ይህን ሁሉ እዚያ ታገኛላችሁ። በባሕር ኃይል ፍሊት ኤንድ ፋሚሊ ሰፖርት ሴንተር፣ በአየር ኃይል ሚሊታሪ ኤንድ ፋሚሊ ሬዲነስ ሴንተር ይባላል።

ኤስኤፍአርጂ ግን የባለቤትሽ ክፍል የወታደሮችና የቤተሰቦች ቡድን ነው። ኃላፊው የክፍሉ አዛዥ ራሱ ሲሆን ሥራውን የሚሠሩት በአብዛኛው ፈቃደኛ የትዳር ጓደኞች ናቸው። ክፍሉ ለግዳጅ ሲወጣና ሲመለስ ለቤተሰብ መረጃ የሚደርሰው በዚህ መንገድ ነው። የሚደውሉት ዝርዝር ውስጥ ላለ ሰው ብቻ ነው፤ ዝርዝሩን የሚሞላው ደግሞ ወታደሩ ነው። ባለቤትሽ ስልክሽን ሞልቶ እንደሆነ ዛሬውኑ ጠይቂው።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ተጋብተን ሚስቴ በቅርቡ መጣች። ዲርስ ላይ ላስመዘግባት ስሄድ ወረቀቱን መለሱብኝ።

ዲርስ ማለት የወታደሩና የቤተሰቡ መዝገብ ነው። እዚያ የሌለ ሰው መታወቂያም ሕክምናም የለውም። የሚያስፈልጉት የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ የእሷ ፓስፖርትና ሌላ መታወቂያ፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ ካላት የሶሻል ሴኩሪቲ ካርድ እና አንተ የምትፈርምበት ዲዲ ፎርም 1172-2 ናቸው። የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር አልመጣም ብለህ ምዝገባውን አታዘግይ፤ ሲመጣ ይጨመራል።

የእኛ ሰው ወረቀት የሚመለስባቸው ምክንያቶች ሁልጊዜ ተመሳሳይ ናቸው። አንደኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። ምስክር ወረቀቱ በኢትዮጵያ ቀን ተጽፎ ትርጉሙ ላይ እንዳለ ከተገለበጠ፣ የልደት ቀኑ ከፓስፖርቱ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ይለያል። ተርጓሚው ወደ ፈረንጅ ቀን መለወጡን፣ የተለወጠውም ቀን ከፓስፖርቱ ጋር መግጠሙን ሳታረጋግጥ አትቀበል። ሁለተኛው ስም ነው። ሚስት የባሏን ስም አለመውሰዷ ችግር አይደለም። ችግሩ አንዱ ወረቀት ላይ የአባት ስም፣ ሌላው ላይ የአያት ስም መጨረሻ ላይ ሲመጣ፣ ወይም የእንግሊዝኛ ፊደሉ ሲለያይ ነው። ሁሉንም በፓስፖርቱ አጻጻፍ አስተካክል። ሦስተኛው፣ በቤተ ክርስቲያን ወይም በሽማግሌ ብቻ የተፈጸመ ጋብቻ ነው፤ አገር ቤት በወሳኝ ኩነት ምዝገባ ያልተመዘገበ ከሆነ በወኪል አስመዝግበህ የመንግሥቱን ምስክር ወረቀት ማውጣት ይኖርብሃል።

ከተመዘገበች በኋላ ሁለት ነገር ይቀራል። ጋብቻው ከተፈጸመበት ቀን አንስቶ በ90 ቀን ውስጥ በትራይኬር (የጦሩ የጤና ኢንሹራንስ) ፕራይም ወይም ሴሌክት በተባለው ዕቅድ ማስገባት አለብህ። ቀኑ ካለፈ በየዓመቱ ከኖቬምበር አጋማሽ እስከ ዲሴምበር አጋማሽ ያለውን የምዝገባ ወቅት ትጠብቃለህ፤ እስከዚያ ጦር ሰፈሩ ሆስፒታል ቦታ ሲኖር ብቻ ነው የምትታየው። ሁለተኛው የቤት አበል ነው። ዲርስና የደመወዝ ክፍል አይነጋገሩም። የባለትዳር አበል እንዲታሰብልህ ዳ ፎርም 5960ን ከጋብቻ ወረቀቱ ጋር ለኤስ-1 (ለክፍልህ የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ) ስጥ። በሚቀጥለው የደመወዝ መግለጫ ላይ መለወጡን ተመልከት።

ጥያቄ፦ ለዘጠኝ ወር ግዳጅ ልወጣ ነው። ከመሄዴ በፊት የትኛው ወረቀት ይቀድማል?

ዲዲ 93 እና የሕይወት ኢንሹራንሱ፣ ማለትም ኤስጂኤልአይ።

ዲዲ 93 አደጋ ቢደርስ ለማን እንደሚነገርና 100,000 ዶላሩን የሞት ካሳ ማን እንደሚወስድ የምትጽፍበት ነው። ገንዘቡን በ10 በመቶ እየከፋፈልክ ለብዙ ሰው ማድረግ ትችላለህ። ብዙዎች የማያስተውሉት አንድ ሳጥን አለ፦ በጤና ምክንያት በቀጥታ የማይነገረው ሰው እና በእሱ ፈንታ የሚነገረው። የልብ ወይም የደም ግፊት ሕመም ያለባት እናት ካለችህ እዚህ ላይ ጻፋት፤ በፈንታዋ እንደ ወጉ መርዶውን ሽማግሌ ይዞ የሚያደርስ ታላቅ ወንድም ወይም አጎት አስቀምጥ። ሳጥኑ ባዶ ከሆነ መኮንኖቹ በቀጥታ በሯን ያንኳኳሉ።

ኤስጂኤልአይ ከማርች 2023 ጀምሮ እስከ 500,000 ዶላር ነው። ወራሹን በሚልኮኔክት ገጽ ላይ ራስህ ትሞላለህ። ከጋብቻ በፊት የሞላኸው ስም ካለ ጋብቻው አይሽረውም፤ ፍቺም አይሽረውም። ዕድሜው ያልደረሰ ልጅ በስሙ ከጻፍክ ገንዘቡ የሚለቀቀው ፍርድ ቤት ሞግዚት ከሾመ በኋላ ነው። ይህ ወራት ይፈጃል፤ አስቀድመህ የሕግ አገልግሎት ቢሮውን አማክር፣ ነጻ ነው።

ቀጥሎ ውክልና። ሙሉ ውክልና አትስጥ፤ ባንክና መኪና ሻጭ ብዙ ጊዜ አይቀበሉትም፣ አደጋውም ትልቅ ነው። ለተወሰነ ጉዳይ የሚሆን፣ የማብቂያ ቀን ያለው ውክልና ይበቃል፦ አንዱ ለዲርስና ለመታወቂያ፣ አንዱ ለመኪናው፣ አንዱ ለቤቱ። አንተ በሌለህበት ሚስትህ መታወቂያዋን ለማደስ ውክልና ወይም አንተ የፈረምክበት 1172-2 ያስፈልጋታል።

ብቻህን ልጅ የምታሳድግ ከሆነ ወይም ሚስትህም ወታደር ከሆነች የቤተሰብ እንክብካቤ ዕቅድ፣ ዳ ፎርም 5305፣ ግዴታ ነው። የቅርብና የረጅም ጊዜ ሞግዚት ይጻፍበታል፣ አዛዡ ያጸድቀዋል፣ በየዓመቱ ይታደሳል። አያት አገር ቤት ሆና በረጅም ጊዜ ሞግዚትነት የተጻፈች እንደሆነ ዕቅዱ የሚፈርሰው በጉዞው ላይ ነው፦ ልጁን ማን ይዞ ይሄዳል፣ ፓስፖርቱ ታድሷል ወይ፣ ቲኬቱ በማን ገንዘብ? ለእነዚህ መልስ ከሌለ ወረቀቱ ለፊርማ ብቻ የተሞላ ነው።

የተከራየኸውን አፓርታማ ለመልቀቅ ከፈለግህ የ90 ቀን ወይም ከዚያ በላይ ግዳጅ ወይም የዝውውር ትእዛዝ ውሉን ያለ ቅጣት ያፈርሳል። ለአከራዩ በጽሑፍ አሳውቅ፣ የትእዛዙን ቅጂ አያይዝ። ውሉ የሚያበቃው ከማስታወቂያው በኋላ ከሚመጣው የኪራይ ቀን 30 ቀን ቆጥሮ ነው። ማርች 10 ብታሳውቅና ኪራይ በየወሩ 1 ቀን ከሆነ፣ ከኤፕሪል 1 ተቆጥሮ ሜይ 1 ያበቃል።

ጥያቄ፦ ልጄ ጀርመን ነው ያለው። ያሳደገችው አያቱ ጎንደር ታመው ሆስፒታል ገብተዋል። ፈቃድ ሊያገኝ ይችላል?

መጀመሪያ ወደ አሜሪካ ቀይ መስቀል ይደውሉ፦ 1-877-272-7337። የልጅዎን ሙሉ ስም፣ ማዕረግ፣ የልደት ቀን ወይም ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር፣ የክፍሉን ስም፣ እንዲሁም የሆስፒታሉንና የሐኪሙን ስም ከነስልኩ ያዘጋጁ። ቀይ መስቀል ሁኔታውን ያጣራና ለአዛዡ መልእክት ይልካል። ፈቃድ የሚሰጠው ግን አዛዡ ነው።

አስቸኳይ ፈቃድ የሚፈቀደው ለቅርብ ቤተሰብ ነው፦ ወላጅ፣ ወንድምና እህት፣ ሚስት፣ ልጅ፣ የሚስት ወላጆች። አያትና አክስት በዝርዝሩ የሉም። ደንቡ ግን በወላጅ ቦታ ሆኖ ያሳደገን ሰው ይቀበላል፤ ልጁ 21 ዓመት ሳይሞላው ቢያንስ ለአምስት ዓመት አብሮት ኖሮ ያሳደገ መሆን አለበት። ስለዚህ ሲደውሉ «አያቱ» ብለው ብቻ አያቁሙ። «ከዚህ ዓመት እስከዚህ ዓመት በወላጅ ቦታ ሆነው ያሳደጉት» ብለው ያስመዝግቡ። ይህ ሳይነገር ቀርቶ የተከለከለ ወታደር ብዙ ነው።

ሌላው፣ እኛ ዘንድ ቀብር አይቆይም። ሞት ከተከሰተ በኋላ ቢደወል ልጁ የሚደርሰው ለሰልስት እንኳ ላይሆን ይችላል። ሕመሙ ሲጠና ይደውሉ። ቤተሰቡ መርዶውን ለመደበቅ ከተስማማ ደግሞ ቀይ መስቀል የሚያጣራው እውነት አያገኝም፤ ልጁ ፈቃዱን ያጣል። ይህን ከአገር ቤት ዘመድ ጋር አስቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል።

ፈቃዱ ከዓመት ፈቃዱ ላይ ይቆረጣል። ለቲኬት ገንዘብ ካጠረው አርሚ ኢመርጀንሲ ሪሊፍ የተባለው የምድር ጦር እርዳታ ድርጅት ያለ ወለድ ያበድራል፣ አንዳንዴም በስጦታ ይሰጣል።

ጥያቄ፦ እናቴን በጥገኝነት ማስመዝገብ እችላለሁ?

የምትችለው ከመተዳደሪያዋ ከግማሽ በላይ የምትሸፍን ከሆነ ነው። ማመልከቻው ዲዲ ፎርም 137-3 ይባላል፤ የገቢዋንና የወጪዋን ዝርዝር ይጠይቃል። ማስረጃህ የባንክ ወይም የሕጋዊ ገንዘብ ማስተላለፊያ ደረሰኝ መሆን አለበት። በሰው እጅ ወይም በጥቁር ገበያ የላክኸው ገንዘብ የትም አይታይም፤ ዓመታት ስትረዳት ኖረህም እንዳልረዳህ ይቆጠራል። ከጸደቀ መታወቂያ ታገኛለች፣ ጦር ሰፈሩ ሆስፒታል ቦታ ሲኖር ትታያለች። ትራይኬር ፕራይምና ሴሌክት ግን ለወላጅ አይሰጡም፤ የግል ኢንሹራንሷን አታቋርጥ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ሌላ ጦር ሰፈር ነው። ለእኔና ለልጆቹ የላከው ገንዘብ የለም። ስናገር ደግሞ «መኖሪያ ፈቃድሽን አሰርዛለሁ» ይለኛል።

እህቴ፣ ይህ ሁለት ጉዳይ ነው።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ የምድር ጦር ደንብ 608-99 ወታደር ቤተሰቡን እንዲደግፍ ያስገድዳል። የፍርድ ቤት ውሳኔ ወይም የጽሑፍ ስምምነት ከሌለ በቤት አበል ሠንጠረዥ ላይ የተመሠረተ ወርኃዊ መጠን ተቀምጧል። ለክፍሉ አዛዥ በጽሑፍ አመልክቺ፦ ስሙን፣ ክፍሉን፣ ከመቼ ጀምሮ እንዳልላከ፣ የልጆቹን ቁጥር። የጋብቻና የልደት ወረቀት ቅጂ አያይዢ። ካልመለሱልሽ ወደ ኢንስፔክተር ጄኔራል (የጦሩ አቤቱታ ሰሚ ቢሮ) ሂጂ። አዛዡ ሊያዝዘውና ሊቀጣው ይችላል እንጂ ከደመወዙ ቆርጦ ሊሰጥሽ አይችልም፤ ለዚያ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ያስፈልጋል። ስለዚህ ሁለቱንም ጎን ለጎን ጀምሪ።

ማስፈራራቱ ግን በደል ነው። መኖሪያ ፈቃድሽን የመሰረዝ ሥልጣን የለውም። ፋሚሊ አድቮኬሲ በተባለው የጦሩ የቤት ውስጥ በደል ጉዳይ ቢሮ ያለችውን የተጎጂዎች ረዳት ማናገር ትችያለሽ። ድብደባ ካለ ሪፖርቱን በሚስጥር ብቻ ማድረግ ትችያለሽ፤ በሚስጥር የቀረበ ሪፖርት ለአዛዡ አይደርስም፣ ሕክምናና ምክር ግን ያስገኛል። የጦሩ ቄስም የነገርሽውን አያወጣም። ባልሽ በበደሉ ምክንያት ከጦሩ ከተባረረ ከ12 እስከ 36 ወር የሚከፈል የመሸጋገሪያ ድጎማ አለ። በደል የደረሰባት ሚስት ያለ ባሏ ፈቃድ በራሷ የመኖሪያ ፈቃድ የምታመለክትበት ሕግም አለ፤ ለዚህ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያዢ። አሁን አደጋ ላይ ከሆንሽ መጀመሪያ 911።

ጥያቄ፦ ነርስ ነኝ። በየዝውውሩ ፈቃዴን እንደገና ማውጣት ሰለቸኝ።

ከ2023 መጀመሪያ ወዲህ የፌዴራል ሕጉ በዝውውር ትእዛዝ ለሚሄድ የትዳር ጓደኛ የሙያ ፈቃዱ በአዲሱ ስቴት እንዲታወቅለት ያደርጋል። ነርሶች ግን የስቴቶች የጋራ ስምምነት ፈቃድ ካላችሁ በስምምነቱ ደንብ ነው የምትስተናገዱት። አዲስ ፈቃድ ካወጣሽ ጦሩ እስከ 1,000 ዶላር ይመልሳል፤ ደረሰኝሽን ያዢ። ገና የምትማሩ ካላችሁ ማይካ የሚባለው ፕሮግራም እስከ 4,000 ዶላር ይከፍላል፣ በዓመት ከ2,000 አይበልጥም በአብዛኛው። ትምህርቱ ሳይጀመር መጽደቅ አለበት፤ የተከፈለውን ወደ ኋላ አይመልስም።

ጥያቄ፦ ልጃችን ኦቲዝም አለበት። ኢኤፍኤምፒ (ልዩ ፍላጎት ያለው የቤተሰብ አባል የሚመዘገብበት የጦሩ ፕሮግራም) ውስጥ ካስገባሁት እድገቴን ይጎዳል ይሉኛል።

ምዝገባው ግዴታ እንጂ ምርጫ አይደለም። የሚጎዳው መደበቅ ነው፦ ሕክምናው ወደሌለበት ቦታ ትዛወራለህ፣ እዚያ ከደረስክ በኋላ ቤተሰብህ ተመላሽ ይሆናል። ሐኪሙ ዲዲ 2792ን፣ ትምህርት ቤቱ 2792-1ን ይሞላሉ። በየሦስት ዓመቱ ይታደሳል። የባሕርይ ሕክምናውን ትራይኬር የሚሸፍነው ልጁ በኢኤፍኤምፒ እና ኢኮ በተባለው የትራይኬር ተጨማሪ ፕሮግራም ከተመዘገበ ነው፤ ወረፋው ረጅም ስለሆነ ሐኪሙ ውጤቱን በነገረህ ሳምንት ጀምር።

ጥያቄ፦ ወታደሩ ቢሞት ሚስት ምን ታገኛለች?

የምድር ጦሩ አንድ ረዳት መኮንን ይመድባል፤ ወረቀቱን ሁሉ ከእሷ ጋር የሚሞላው እሱ ነው። 100,000 ዶላሩ የሞት ካሳ በቀናት ውስጥ ይደርሳል። የጦሩ ቤት ውስጥ ካለች 365 ቀን መቆየት ትችላለች፤ ውጭ ካለች ለዚያን ያህል ጊዜ የቤት አበል ይከፈላታል። ሕክምናው ለሦስት ዓመት እንደ በፊቱ ይቀጥላል፣ ከዚያ እንደ ጡረተኛ ቤተሰብ ይሆናል። ከቬተራንስ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በየወሩ የሚከፈል ድጎማም አለ። 55 ዓመት ሳይሞላት እንደገና ካገባች ይህ ድጎማ ይቋረጣል።

ኢንሹራንሱን በአንድ ጊዜ እንድታፈስ የሚመክሯት ዘመዶችና ሻጮች ወዲያው ይመጣሉ። ኤስጂኤልአይ ለተቀባዩ ነጻ የገንዘብ ምክር ይሰጣል፤ መጀመሪያ እሱን ትጠቀም።

ጥያቄ፦ የልጆች መዋያ ወረፋ?

ሚሊታሪ ቻይልድ ኬር በተባለው ድረ ገጽ ላይ ከመዛወራችሁ በፊት ተመዝገቡ፣ ከአንድ በላይ መዋያ ምረጡ። ክፍያው በቤተሰብ ገቢ ነው። «አሁንም ትፈልጋላችሁ?» የሚል መልእክት ሲመጣ ካልመለሳችሁ ከወረፋው ትወጣላችሁ። ቦታ ከሌለ ከጦር ሰፈሩ ውጭ ላለ መዋያ ድጎማ አለ፤ መዋያው ግን ፈቃድ ያለው መሆን አለበት፣ ያለ ፈቃድ ልጅ ለምትጠብቅ ጎረቤት አይከፈልም።