አርቪ ገዛን፣ ምጣዱ ግን መብራት እያጠፋ አስቸገረን

የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ የምኖረው ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ልጆቹ ኮሌጅ ገቡልን፣ እኔና ባለቤቴም ስናወራው የኖርነውን አርቪ፣ ማለትም ውስጡ ቤት የሆነውን መኪና ዘንድሮ ገዛን፣ ክላስ ሲ የሚባለው ነው፣ ፎርድ ኢ-450 ላይ የተሰራ ከሹፌሩ በላይ አልጋ ያለው፣ ከነላስቲኩ አዲስ። ታዲያ ካምፕ ግራውንድ ገብተን 30 አምፑ ላይ ሰክተን እንጀራ ልጋግር ብዬ ሁለተኛው ላይ ስደርስ መብራቱ ድርግም አለ፣ መልሰን አበራነው፣ ደግሞ ድርግም። ባለቤቴ ኤሲው ነው ይላል እኔ ምጣዱ ነው እላለሁ፣ የሸጠልን ዲለር ስንደውልለት ኖርማል ነው ብሎ ዘጋው። ቡና ስቆላ ደግሞ አላርሙ ጮሆ ጎረቤቱን ሁሉ አስወጣብን፣ ባለቤቴ ባትሪውን አውጥተን እንገላገል ብሏል። መንዳቱንም እሱ ብቻ ነው የያዘው፣ እኔ አንዴ ነዳጅ ማደያ ላይ ሞክሬ ኋላው ቢጫውን ምሰሶ ሊገጭ ለጥቂት ነው የተረፍኩት፣ ከዛ ወዲህ መሪውን ነክቼው አላውቅም። ምን ትመክረኛለህ? — ሰ. ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ እህቴ እንኳን ደስ ያላችሁ፣ የሰላም መንገድ ያድርግላችሁ። ከምጣዱ ልጀምር፣ ሐበሻ አርቪ ገዝቶ ይሄን ሳይጠይቅ አይቀርም። አንቺም እሱም ልክ ናችሁ፣ ጥፋቱ የሁለቱ አብሮ መሆን ነው። 30 አምፕ በ120 ቮልት ሲባዛ 3600 ዋት ነው፣ ለጠቅላላ ቤቱ ያላችሁ ያችው ናት። የምጣዱን ዋት ከስሩ የተለጠፈው ላይ እዪው፣ 1500 አካባቢ ከሆነ ብቻውን 12 አምፕ ተኩል ይበላል፣ የጣሪያው ኤሲ ሲሰራ 12 ወይ 13፣ ውሃ ማሞቂያው በኤሌክትሪክ ላይ ተትቶ ከሆነ ደግሞ እሱም 12 አካባቢ። ደምሪው፣ 37 ገባ። ፍሪጁንና ባትሪ ቻርጀሩን ገና አልቆጠርንም። መብራቱን የሚቆርጠው ብሬከር እንግዲህ የተቀመጠበትን ስራ ነው የሰራው፣ እንደውም ባይቆርጥ ነበር መፍራት።

የመጀመሪያው እንጀራ በሰላም ወጥቶ ሁለተኛው ላይ የጠፋበት ምክንያትም አለው። ብሬከር ትርፏ ትንሽ ከሆነች ወዲያው አይቆርጥም፣ ሲሞቅ ሲሞቅ ቆይቶ ነው፣ በዛ ላይ የመጀመሪያው እንጀራ ሲጋገር የኤሲው ኮምፕረሰር አርፎ ይሆናል፣ ምጣዱ ቤቱን ሲያሞቀው ተነሳና አበቃ። ስለዚህ እንጀራ ሊጋገር ሲል ውሃ ማሞቂያውን ወደ ጋዙ፣ ወደ ፕሮፔን ቀይሩት (ፓናሉ ላይ ለብቻው ማብሪያ አለው)፣ ኤሲውን አሳርፉት፣ ማይክሮዌቭ የሚባል ነገር አትንኩ።

እኔን ከጠየቅሽኝ ግን እንጀራ አርቪ ውስጥ አይጋገርም። መብራት የምትሰኩበት ምሰሶ ላይ ብዙ ጊዜ ከ30ው አጠገብ የራሱ ብሬከር ያለው ተራ የ20 አምፕ ሶኬት አለ፣ ሰው ግን አያየውም። ወፍራም የውጭ ኤክስቴንሽን ግዢ፣ 12 ጌጅ የሚለውን፣ እሱ ላይ ሰክተሽ ምጣዱን ከጥላው ስር ጠረጴዛ ላይ አድርጊው። ያኔ ውስጥ ያለው 30 አምፕ ሙሉውን ለኤሲው ይቀራል፣ እንፋሎቱም ውጭ ይቀራል። እንፋሎቱን የምለው በምክንያት ነው፣ ያቺን የምታክል ክፍል ውስጥ አንድ ሊጥ ጋግረሽ ብትጨርሺ መስኮቱ ውሃ ያወርዛል፣ ውሃው ከፍራሽ ስር ገብቶ ይሻግታል፣ በተለይ በብርድ ጊዜ። ዝናብ ከሆነ ያው እንጀራ ከቤት ጋግሮ መውጣት ነው፣ ፍሪዘሩ ለምን ተሰራ።

ባትሪ ማውጣቱን እባክሽ አታስደርጊው። እዛ ቤት ውስጥ አንድ አላርም አይደለም ያለው፣ የጭሱ አለ፣ የካርቦን ሞኖክሳይዱ አለ፣ ከወለሉ ጠጋ ብሎ የተገጠመው ደግሞ የፕሮፔን ነው፣ ፕሮፔን ከአየር ስለሚከብድ ወደ ታች ነው የሚተኛው። ቡናው ውጭ በትንሽ ቡታጋዝ ይቆላ፣ እጣኑም እዛው ይጨስ፣ ጎረቤቶቹም ሽታውን ተከትለው መጥተው ቁጭ ይሉልሻል እመኚኝ። ከሰል ግን፣ የፈለገ ቢበርድ፣ መስኮት ቢከፈትም፣ ውስጥ አይገባም። ከሰል ያጠፋው ቤተሰብ ሀገር ቤትም እናውቃለን፣ አርቪ ደግሞ ከክፍልም ክፍል ያነሰች ናት።

አሁን መንዳቱ። ነዳጅ ማደያው ላይ የሆነው የአንቺ ድክመት አይደለም፣ የኋላው ጎማ ካለበት አልፎ የተንጠለጠለው ጅራት ረጅም ስለሆነ ነው፣ ወደ ግራ ስትጠመዝዢ ጅራቱ ወደ ቀኝ ይወጣል፣ በተራ መኪና ይሄ ስለማይታወቅ ማንም ይደነግጣል። እሁድ ጠዋት ባዶ ፓርኪንግ ፈልጉ፣ የቀኝ ጎማዎቹን መሬት ላይ ካለ ነጭ መስመር ጋር አስተካክለሽ አቁሚ፣ ባለቤትሽ ከኋላ ራቅ ብሎ ይቁም፣ መሪውን ወደ ግራ ጨርሰሽ ጠምዝዘሽ በጣም ቀስ ብለሽ ተነሺ። ጅራቱ መስመሩን ስንት ጫማ እንደሚያልፍ እሱ ጠመኔ ይዞ ምልክት ያድርግበት። ያንን በአይንሽ ካየሽው በኋላ ነዳጅ ማደያ ላይ ምን እንደምታደርጊ ማንም ሊነግርሽ አያስፈልግም፣ የኋላው ጎማ ምሰሶውን እስኪያልፍ ቀጥ ብለሽ ትሄጃለሽ፣ ከዛ ነው መጠምዘዝ። ቀኝ ስትታጠፊ ደግሞ መስቀለኛው ውስጥ ገባ ብለሽ ዘግይተሽ ታጠፊ፣ ያለዚያ የኋላው ጎማ ጠርዙ ላይ ይወጣል። ስፖኪዮውን የምታስተካክዪው አንቺ ነሽ እንጂ የእሱን ቁመት ይዘሽ አትንጂ።

ሃይዌይ ላይ ትልልቆቹ ትራኮች ሲያልፉሽ መጀመሪያ ይገፉሻል ከዛ ወደራሳቸው ይስቡሻል፣ መሪውን አትታገዪው፣ ትንሽ ብቻ አርሚው፣ ይለፉ። በሰዓት 60 ማይል ይበቃል፣ ነዳጁም በጋሎን 8 እስከ 10 ማይል ነው የሚወስዳችሁ፣ መቸኮሉ እሱንም ያብሰዋል። ኢ-450 ሙሉ ጭነቱ እስከ 14,500 ፓውንድ ነው፣ ምዕራብ ሜሪላንድ ኢንተርስቴት 68 ላይ ያሉትን ረጃጅም ቁልቁለቶች በፍሬን ብቻ ልውረድ ካልሽ ፍሬኑ ይግላል፣ ማርሹ ላይ ያለችውን የቶው/ሆል ቁልፍ ተጫኚና ሞተሩ ይያዝልሽ፣ ሞተሩ ሲጮህ አትደንግጪ።

ደግሞ ሰፈራችሁ ሜሪላንድ ስለሆነ ይሄን ልጨምር፣ ወደ ፊላደልፊያ ወይ ኒውዮርክ ስትሄዱ ጂፒኤሱ ባልቲሞር ላይ ወደ ተነሎቹ፣ በውሃ ስር ወደሚያልፉት መንገዶች ነው የሚወስዳችሁ፣ ፎርት መክሄንሪም ሃርበር ተነልም በአንድ እቃ ከ10 ፓውንድ በላይ ፕሮፔን የያዘ መኪና አያስገቡም፣ የእናንተ ታንክ ደግሞ ከዛ ይበልጣል። ድሮ ሰው በኪ ብሪጅ ነበር የሚዞረው፣ ድልድዩ ግን መጋቢት 2024 መርከብ ገጭቶት ፈረሰ፣ እንግዲህ የቀረው ኢንተርስቴት 695ን በምዕራብ በኩል መዞር ነው፣ ረዘም ይላል፣ ምን ይደረግ።

ጥያቄ፦ ሰላም ወንድሜ፣ አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ ነኝ፣ ኡበር እየሰራሁ ባጠራቀምኩት ሞተርሆም ገዛሁ (ሚስቴ አሁንም እንዳኮረፈች ነው)። አዲስ እያለ መሳቢያው ስነዳ ራሱ ይከፈታል፣ ከሲንኩ ስር ውሃ ጠብ ጠብ ይላል፣ የአንዱ ቁም ሳጥን በር ብሎኑ ወለል ላይ ተገኘ። ተሸውጄ ነው እንዴ? በሚቀጥለው ወር ቤተሰቡን ስካይላይን ድራይቭ (ሼናንዶዋ ፓርክ ውስጥ ያለው የተራራ መንገድ) ልወስዳቸው ነበር፣ ልተወው ወይስ? — ዳ.

መልስ፦ አልተሸወድክም ወንድሜ፣ ወይም ከተሸወድክ ሁላችንም ነን። እነዚህ ቤቶች አብዛኞቹ ኢንዲያና ኤልክሃርት አካባቢ በሰው እጅ ተጣድፈው የሚገጣጠሙ ናቸው፣ ከዛ ወጥተህ በየጉድጓዱ ስታንገጫግጨው ያልጠበቀ ብሎን ሁሉ ይወድቃል። የማይረባ ዲለር ይሄን ሳያይ ያስረክባል፣ እኔን የሚያናድደኝ እሱ ነው፣ የአንድ ቤት ዋጋ አስከፍሎ ሲንክ ስር በባትሪ አለማየት ምን ይባላል።

ከሩቅ ጉዞ በፊት ከዲለሩ አንድ ሰዓት የማይርቅ ቦታ ሄዳችሁ እደሩበት፣ ሁሉን ነገር አብሩት ክፈቱት፣ ምድጃውን፣ ማሞቂያውን፣ ሻወሩን፣ የተበላሸውን በስልክ ፎቶ እያነሳህ ከነቀኑ ጻፍ፣ በቃል የነገርከው ነገር ሲቀር አላየሁም አልሰማሁም ነው መልሱ። ውሃው የት እንደሚያፈስ ለማወቅ ታንኩን ሙላና ፓምፑን አብራ፣ ቧንቧውን ሁሉ ዝጋ፣ ከዛ ሬድዮ አጥፍተህ ዝም ብለህ አዳምጥ፣ ማንም ውሃ ሳይከፍት ፓምፑ በየመሃሉ ድርር ካለ የሆነ ቦታ እያፈሰሰ ነው። ዋራንቲውም ሁለት መሆኑን እወቅ፣ ሞተርና ሻንሲው የመኪናው ፋብሪካ ነው፣ ቤቱ ደግሞ የአርቪ ሰሪው፣ ብዙ ጊዜ የቤቱ አንድ ዓመት ብቻ ነው፣ ስለዚህ ነገ እወስደዋለሁ እያልክ አትክረም።

ስካይላይን ድራይቭን አትተወው፣ ፍጥነቱ 35 ማይል ስለሆነ ለለማጅ እንደውም የተመቸ ነው። ከፍሮንት ሮያል ገብተህ ወደ ቢግ ሜዶውስ ካምፕ ከሆነ የምታመራው ማይል 32 አካባቢ ማሪስ ሮክ የሚባል ተነል አለ፣ ከፍታው 12 ጫማ ከ8 ኢንች ነው። ያንተ ክላስ ሲ ከሆነ ብዙ ጊዜ 11 ጫማ አካባቢ ነው ግን ብሮሹሩን አትመን፣ መሰላል አምጥተህ ከኤሲው አናት ድረስ ለካና ቁጥሩን ጸሀይ መከላከያው ላይ ለጥፈው። ቢግ ሜዶውስ መብራትም ውሃም የሚሰካበት የለም፣ ጀነሬተር የሚፈቀደውም በተወሰነ ሰዓት ነው፣ ስለዚህ ውሃ ሞልተህ ሂድ። ውሃ በጋሎን 8.3 ፓውንድ ነው፣ 40 ጋሎን ከ330 ፓውንድ በላይ ማለት ነው፣ በሩ ጋ የተለጠፈው ቢጫ ወረቀት ላይ መጫን የምትችለው ተጽፏል፣ ከሱ ላይ ሰዎቹን፣ ውሃውን፣ ያንን ሁሉ የሽሮና የበርበሬ ፌስታል ቀንስ። ከተጠራጠርክ ትራክ ስቶፕ ላይ ሚዛን አለ፣ ጥቂት ዶላር ከፍለህ ተመዘን፣ የጎማውንም ነፋስ በዛው ልክ ታስተካክላለህ።

ጥያቄ፦ ልጄ እንደምን አለህ፣ ከኮሎራዶ አውሮራ ነኝ። ጡረታ ወጥቼ ከባለቤቴ ጋር በዚሁ በአርቪ መኖር ጀምረናል፣ ሽንት ቤቱ ግን ሽታው አላስቀምጥ አለን፣ መድሃኒቱንም እንጨምራለን፣ የማፍሰሻውንም ቧንቧ ሁሌ ክፍት አድርገን ነው የምንተወው። ደግሞስ ዋልማርት ግቢ ማደር ይቻላል ይሉኛል፣ እውነት ነው?

መልስ፦ ጋሼ ጤና ይስጥልኝ። ችግሩ ክፍት መተዉ ላይ ነው፣ ፈሳሹ ይሄድና ደረቁ ታንኩ ውስጥ ተከምሮ ይቀራል፣ ከዛ ማንም መድሃኒት አያነሳውም። የጥቁሩን ታንክ፣ የሽንት ቤቱን ማለቴ ነው፣ ቫልቭ ይዝጉት፣ ሁለት ሶስተኛው እስኪሞላ ይጠብቁ፣ መጀመሪያ ጥቁሩን ያፍስሱ፣ ቀጥሎ የገላና የእቃ መታጠቢያውን ግራጫውን፣ እሱ ቱቦውን አጥቦ ይሄድልዎታል። ካፈሰሱ በኋላ ደግሞ ጥቁሩን ባዶ አይተዉት፣ ጥቂት ጋሎን ውሃ ይጨምሩበት፣ ሲጠቀሙም ውሃ አይቆጥቡ። እስካሁን የተከመረው እስኪሟሟ ግን በሙቅ ውሃ ሞልተው እያሳደሩ መልሰው መላልሰው ማፍሰስ ሊያስፈልግ ነው። ጓንት አይርሱ፣ የመጠጥ ውሃ ቱቦውንም ከዚህኛው ጋር አንድ ሳጥን ውስጥ አያስቀምጡት፣ ልጆችዎ ካሉ ለነሱም ይንገሩልኝ።

ዋልማርቱ እንደ ከተማው ህግና እንደ ማናጀሩ ነው፣ አንዱ ይፈቅዳል አንዱ ይከለክላል፣ ስለዚህ ከመሄድዎ በፊት ደውለው ይጠይቁ። ከፈቀዱልዎ ዳር ላይ ይቁሙ፣ ወንበርና ምንጣፍ አያውጡ፣ ጥላም አይዘርጉ፣ ጠዋት በጊዜ ይነሱ።