መልስ፦ ሁለት ሰዎች አብረው ሲስሉ መስመር ለምን ይጠፋል?

ስለሚሠሩት የጋራ መሣያ መተግበሪያ «ሙሉውን ሥዕል በየሰከንዱ ወደ ሰርቨር እልካለሁ፤ ሁለት ሰዎች አብረው ሲስሉ ግን የአንዱ መስመር ይጠፋል» ብለዋል። ችግሩ ያለው እዚያው አላላኩ ላይ ነው፤ ዘግይቶ የደረሰው ሥዕል የቀደመውን ይደመስሰዋል። ሥዕሉን እንደ አንድ ምስል ሳይሆን እንደ መስመሮች ስብስብ ያስቀምጡት። ለእያንዳንዱ መስመር የሣዩ ኮምፒውተር ራሱ የማይደገም መለያ ይስጠው፤ ያን ጊዜ አዲስ መስመሮች ፈጽሞ አይጋጩም።

ግጭት የሚቀረው ሁለት ሰዎች አንድን ቅርጽ ሲነኩ ነው። ብዙ ሰዎች በኢንተርኔት አብረው ንድፍ የሚሠሩበት መሣሪያ ፊግማ በ2019 (እ.ኤ.አ.) ያብራራው ስልት እዚህ ላይ እጅግ ይረዳል፦ አንዱ ቀለሙን፣ ሌላው ቦታውን ቢቀይር ሁለቱም ይጸናሉ፤ ሁለቱም ቀለሙን ከቀየሩ ሰርቨሩ ዘንድ በመጨረሻ የደረሰው ያሸንፋል። ለሥዕል ይህ ይበቃል። ለጽሑፍ አርትዖት የተፈለሰፉትን ውስብስብ ስልቶች አሁን አይጀምሯቸው፤ ጉልበትዎን ይጨርሳሉ።

ለግንኙነቱ ዌብሶኬት (የተጠቃሚው ኮምፒውተርና ሰርቨሩ ሳይቋረጡ መልእክት የሚለዋወጡበትን መንገድ) ይጠቀሙ። ነጥቦቹን አንድ በአንድ ሳይሆን ለምሳሌ በየ50 ሚሊ ሰከንዱ በጥቅል ይላኩ፤ የሣዩን መስመር ግን ሰርቨሩን ሳይጠብቁ በራሱ ስክሪን ላይ ወዲያው ያሳዩት፤ እጁ ከመስመሩ ከቀደመ ማንም አይታገሥም። የጠቋሚዎች እንቅስቃሴ ዳታቤዝ ውስጥ አይግባ። «ቀልብስ» የሚለው ቁልፍ ደግሞ የተጫነውን ሰው ሥራ ብቻ ይመልስ፤ የጓደኛውን መስመር ከነካ ተጠቃሚዎችዎ ይጣላሉ።