ግጥም ለምትጽፉ ልጆች፦ ስለ ማሕሙድ ዳርዊሽ

ልጆቼ፣ ብዙ ዓመት የወጣቶችን ጽሑፍ ሳነብና ሳርም ኖሬያለሁ። ከጎበዞቹ ብዙዎቹን የመጀመሪያው ጭብጨባ ሲያስቆማቸው አይቻለሁ። አንድ ግጥም ይወደድላቸዋል፤ ከዚያ ወዲህ ያንኑ ግጥም እየቀያየሩ ይጽፋሉ። ስለ ፍልስጤማዊው ገጣሚ ማሕሙድ ዳርዊሽ ልነግራችሁ የፈለግሁት ለዚህ ነው።

የተወለደው በ1941 (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) በገሊላ፣ አል-ቢርዋ በምትባል መንደር ነው። በ1948፣ እስራኤል ስትመሠረት በነበረው ጦርነት፣ ቤተሰቡ ወደ ሊባኖስ ሸሸ። ተደብቀው ሲመለሱ መንደሯ ፈርሳለች። ልጁ እዚያው አገሩ ላይ እየኖረ በእስራኤል ሕግ ዘንድ "የሌለ" ሆነ። ገና ተማሪ ሳለ፣ የእስራኤል ምሥረታ በዓል ሲከበር ግጥም አነበበ። ለአይሁዳዊ እኩያው የተጻፈ ነው፦ አንተ ቤት አለህ፣ እኔ የለኝም፤ አንተ መጫወቻ አለህ፣ እኔ የለኝም። ወታደራዊው ገዥ አስጠርቶ፣ እንዲህ መጻፍህን ካልተውክ አባትህ ድንጋይ ከሚፈልጥበት ሥራ ይባረራል ብሎ አስፈራራው። ጦር ያለው መንግሥት በአንድ ልጅ ግጥም ሲደነግጥ አስቡት!

በ1964 "የመታወቂያ ካርድ" የሚለው ግጥሙ ወጣ። አንድ ሰው ቢሮ ቆሞ ሹሙን "ጻፍ! ዓረብ ነኝ" ይለዋል። ግጥሙ የዓረብን አገር ሁሉ አዳረሰ። ዳርዊሽ ግን ታሰረ፣ ከቤቱ እንዳይወጣም ተከለከለ። በ1970 ወደ ሞስኮ ሄደ፣ ከዚያ ካይሮ፣ ከዚያ ቤይሩት ገባ። በየአዳራሹ ሕዝቡ "የመታወቂያ ካርድ! የመታወቂያ ካርድ!" እያለ ይጮህበት ነበር። እሱ አላነብም ይላል። ኩራት እንዳይመስላችሁ። ግጥሙ ለእስራኤላዊ ሹም የተሰጠ መልስ ነበር። ዓረብ በሞላበት አዳራሽ "ዓረብ ነኝ" ብሎ መፎከር ምን ይረባል? እኔ ይህን እምቢታ ከብዙዎቹ ግጥሞቹ እኩል አከብረዋለሁ። የሚወድህን ሕዝብ እምቢ ማለት ገዥን እምቢ ከማለት ይከብዳል።

እምቢ ብሎ ምን ጻፈ? በ1982 ቤይሩት በእስራኤል ጦር ተከባ በቦምብ ስትደበደብ የነበረውን አንድ የነሐሴ ቀን በስድ ንባብ ጻፈው፤ መጽሐፉ በእንግሊዝኛ "Memory for Forgetfulness" ይባላል። መጽሐፉ ሲጀምር ሰውየው የሚጨነቀው ወጥ ቤት ገብቶ ቡና ማፍላት ስለመቻሉ ነው። ቦምቡ እየወረደ ስለ ቡና ገጽ በገጽ ያወራል። እናንተ የቡና አገር ልጆች ይህን ክፍል ደጋግማችሁ አንብቡት። ስለ ጦርነት ለመጻፍ መፈክር እንደማያስፈልግ እዚያ ታገኙታላችሁ።

ፖለቲካ ውስጥም ገብቷል። በ1988 አልጀርስ ላይ የታወጀውን የፍልስጤም የነፃነት መግለጫ የጻፈው እሱ ነው። በ1993 የፍልስጤም ነፃ አውጪ ድርጅት ከእስራኤል ጋር የተፈራረመውን የኦስሎን ስምምነት ተቃውሞ ከድርጅቱ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ ለቀቀ።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ንባቡ ነው። ዕብራይስጥ አጥርቶ ያውቃል፤ ብሉይ ኪዳንን በዚያው ቋንቋ አንብቧል። በ1998 በልብ ቀዶ ሕክምና ከሞት ተርፎ "የግድግዳ ሥዕል" የተሰኘውን ረጅም ግጥም ጻፈ። ግጥሙ ውስጥ ከሞት ጋር ይሟገታል፤ የመጽሐፈ መክብብ "ሁሉም ከንቱ" እዚያ ይሰማችኋል። ዕብራይስጥን የገዢዎቹ ቋንቋ ነው ብሎ አልሸሸውም። እናንተም በብሔር፣ በሃይማኖት ወይም በወገን ብላችሁ የማታነቡት ደራሲ ካለ ከእሱ ጀምሩ።

በሐምሌ 2008 በፍልስጤሟ ከተማ በራማላ ያነበበው አዲስ ግጥሙን ነበር፤ "የዳይስ ተጫዋቹ" ይባላል። በነሐሴ አሜሪካ፣ ሂዩስተን ውስጥ ከልብ ቀዶ ሕክምና በኋላ በ67 ዓመቱ አረፈ።

ዓረብኛ ለማትችሉ፣ የእንግሊዝኛ ትርጉሞቹ በቀላሉ ይገኛሉ። እስር ቤት ሆኖ የእናቱን ዳቦና ቡና የናፈቀበትን "ለእናቴ"ን አስቀድሙ፤ አጭር ነው። ቀጥሎ የቤይሩቱን መጽሐፍ፣ ከዚያ "የግድግዳ ሥዕል"ን አንብቡ። "የመታወቂያ ካርድ"ን ለመጨረሻ አቆዩት።