ባለቤቴ አያግዘኝም፤ ድካሜም አልለቀቀኝም

ጥያቄ፦ 38 ዓመቴ ነው። የምኖረው ደብረ ብርሃን ሲሆን የአንድ ባንክ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ነኝ። ትውልዴ መንዝ ነው። አባቴ እንደ ሞተ በ11 ዓመቴ ከተማ አክስቴ ዘንድ ገብቼ ተማርኩ፤ ብርቱ ልጅ ስለ ነበርኩ ማንንም አላስቸገርኩም። ዛሬ እናቴን እጦራለሁ፣ ሁለት ወንድሞቼን አስተምሬአለሁ፣ የአክስቴንም መድኃኒት የምገዛው እኔ ነኝ። ሰው ሁሉ “የታደለች” ይለኛል፤ እኔ ግን ካለፈው ዓመት ወዲህ ድካሙ ጠንቶብኛል፤ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከባነንኩ እንቅልፍ የለም። ባለቤቴ መምህር ነው፤ አያግዘኝም፤ ሽሮ ልሥራ ብሎ ቢነሣ እንኳ እንደ ገና የምሠራው እኔ ነኝ። ልጄም በእሱ ወጥታ፣ ዘንድሮ 11 ዓመት ሞልቷት፣ ተቀምጣ ስትስቅ ትውላለች፤ ሳያት ንዴቴ ይነሣል። እኔ ደክሞኝ ሶፋ ላይ ጋደም ብዬ እንኳ የውጭ በር ሲከፈት ከሰማሁ ብድግ እላለሁ። ከወለጋ ተፈናቅለው እዚህ መጠለያ ያሉትን ሳይ ደግሞ “እኔ ምን ሆኜ ነው?” እላለሁ። ባለቤቴን እንዴት ላስተካክለው?

መልስ፦ ውድ እህታችን፣ ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። የጠየቁኝ ስለ ባለቤትዎ ነው፤ ስለ እሳቸውም የምለው አለኝ። ይሁን እንጂ ከጻፉት ሁሉ ልቤን የያዘው እግረ መንገድዎን ጣል አድርገው ያለፉት የውጭ በር ጉዳይ ነው። በገዛ ቤትዎ፣ በገዛ ሶፋዎ ላይ ጋደም ብለው ሳለ በር ሲከፈት ብድግ የሚሉት ለምንድን ነው? የሚገቡት ባለቤትዎ ወይም ልጅዎ እንደ ሆኑ ያውቃሉ፤ “ለምን ተኛሽ” ብሎ የሚቆጣዎት ሰው በዚያ ቤት እንዳለም አልጻፉልኝም። እንግዲያው የሚነሡት አሁን ለሚገባው ሰው አይመስለኝም።

ወደዚህ ከመግባቴ በፊት ስለ ባለቤትዎ ልናገር። በአገራችን የቤት ውስጥ ሥራ ሸክም በሴቶች ትከሻ ላይ እንደሚወድቅ የታወቀ ነው፤ ከቢሮ ወጥታ በቀጥታ ወጥ ቤት የምትገባ ሴት ቅሬታ እውነተኛ ነው፤ የእርስዎንም አላቃልለውም። ሆኖም ደብዳቤዎ ያሳየኝ ሰው ሰነፍ አይደለም። ሽሮ ለመሥራት ተነሥተዋል፤ የሠሩት ግን ሳይበላ ሌላ ተሠርቷል። እንዲህ ያለ ነገር ከተደጋገመ ማንም ሰው እጁን ይሰበስባል። ቅር አይበልዎ፤ በዚህ ጉዳይ ወደ ባለቤትዎ አደላለሁ። በደብዳቤዎ ውስጥ እርስዎ የሚጦሩት፣ የሚያስተምሩትና መድኃኒት የሚገዙለት ሰው ሞልቷል፤ ለእርስዎ አንድ ነገር ሊያደርግ የሞከረ ሰው ፈልጌ ያገኘሁት ግን እሳቸውን ብቻ ነው።

“ብርቱ ልጅ ስለ ነበርኩ ማንንም አላስቸገርኩም” ብለው የልጅነትዎን ዘመን በአንድ መስመር አልፈውታል። በሰሜን ሸዋ ይህ እንግዳ ታሪክ አይደለም። ከመንዝም ሆነ ከሌላው የገጠር ወረዳ ልጅ ለትምህርት ወደ ከተማ ዘመድ ቤት ይላካል፤ የላከውም የተቀበለውም በቅን ልብ ያደረገው ሊሆን ይችላል። አክስትዎን ለመውቀስ አልጻፍኩም። ነገር ግን አባቷ በሞተ ማግስት ከእናቷ ተለይታ ሰው ቤት የገባች የ11 ዓመት ልጅ ቶሎ የምትማረው ነገር አለ። ጠዋት ከሁሉ ቀድማ ትነሣለች፤ ማዕድ ሲቀርብ ቆማ እጅ ታስታጥባለች፤ ሳትጠግብ “ጠግቤአለሁ” ትላለች። ከሁሉ በላይ የሰው ፊት ማየት ትለምዳለች። ከበሩ አከፋፈትና ከእግር ኮቴው የገባው ሰው ደስ ብሎት ይሁን ከፍቶት ትለያለች፤ ተቀምጣ እንዳትገኝም ፈጥና መጥረጊያ ታነሣለች። “ካልሠራሽ ትወጫለሽ” ያላት ሰው ላይኖር ይችላል። እሷ ግን በዚያ ቤት ያላት ቦታ በጉልበቷ የሚከፈል ኪራይ እንደ ሆነ፣ ያውም በየቀኑ የሚከፈል እንደ ሆነ ታምናለች። አባቷን አልቅሳ ለመቅበርም ጊዜ አላገኘችም፤ የምታለቅስ ልጅ ታስቸግራለችና።

ይህች ልጅ አድጋ የተዋጣላት ሠራተኛ ትሆናለች። ደንበኛው ሳይናገር ፍላጎቱን ታውቃለች፣ ስሕተት ከመፈጠሩ በፊት ትደርሳለች፣ “አልችልም” አትልም፤ ለዚህም ትመሰገናለች፣ ትሾማለች። ጭንቀቷ ብርታት መስሎ ስለሚታይ ውስጧ የቆሰለ ነገር አለ ብሎ የሚጠረጥር አይኖርም፤ እሷም ራሷ አትጠረጥርም። እንዲህ ያሉ ሴቶች ወደ ምክር ክፍል ሲመጡ የሚነግሩኝ ስለ ጨጓራቸው፣ ስለ ራስ ምታታቸው፣ ስለ ባላቸው ወይም ስለ ቤት ሠራተኛቸው ነው፤ ስለ ልጅነታቸው ስጠይቃቸው “ደኅና ነበር” ብለው ያልፉታል።

ታዲያ ድካሙ ካለፈው ዓመት ወዲህ ለምን ጠናብዎ? እርስዎ ጎን ለጎን ያላስቀመጧቸውን ሁለት ነገሮች እኔ ላስቀምጣቸው። አክስትዎ ቤት የገቡት በ11 ዓመትዎ ነው፤ ልጅዎ ዘንድሮ 11 ዓመት ሞልቷታል። እርስዎ ቆመው እጅ ባስታጠቡበት ዕድሜ እሷ ተቀምጣ ትስቃለች፤ በር ሲከፈትም የምትነሣበት ምክንያት የላትም። ያን ጊዜ እርስዎ ያልነበርዎትን ነገር እሷ ምንም ሳትከፍል ይዛዋለች። “ንዴት” ያሉት ስሜት ከሥሩ ብዙ ዘመን የቆየ ሐዘን ያለበት ይመስለኛል፤ ለአባትዎም፣ ለዚያች ልጅም ያልተለቀሰ ልቅሶ። ወላጆች ልጃቸው እነሱ የተጎዱበትን ዕድሜ ስትደርስ የቆየ ሕመም ሲነሣባቸው ማየት ለእኛ ለባለሙያዎች እንግዳ አይደለም። ልጅዎ ሰነፍ ስለ ሆነች ወይም “በአባቷ ስለ ወጣች” አይደለም የምትስቀው። እርስዎ ባቆሙት ቤት ውስጥ ሳትፈራ ማደግ ስለ ቻለች ነው። ይህን ልብ ብለው ቢያዩት ደስ ይለኛል።

ራስዎን ከተፈናቃዮች ጋር ማነጻጸርዎ ይገባኛል። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል ያየ የሰሜን ሸዋ ሰው ስለ አእምሮ ቁስል ሲሰማ የሚታወሰው ጥይትና እሳት ነው። ሙያውም ቢሆን ትኩረቱ መጀመሪያ በዚያ ላይ ነበር፤ የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ከአሰቃቂ ገጠመኝ በኋላ የሚመጣውን ይህን ሕመም (PTSD) እ.ኤ.አ. በ1980 በምርመራ መመሪያው ውስጥ ሲያሰፍር ከቬትናም ጦርነት የተመለሱ ወታደሮች ስቃይ ትልቅ ግፊት አሳድሯል። የአእምሮ ሐኪሟ ጁዲት ኸርማን እ.ኤ.አ. በ1992 መውጫ በሌለበት ሁኔታ፣ በሌላ ሰው ሥልጣን ሥር ለረጅም ጊዜ የኖሩ ሰዎች ቁስል የተለየ መልክ እንዳለው አስረዱ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የበሽታዎች ምድብ ውስጥ ውስብስብ የሆነውን ዓይነት ለብቻው አስቀምጦታል። ይህ ሕመም አለብዎ እያልኩ አይደለም፤ በደብዳቤ ምርመራ አይደረግም። ነገር ግን ሌላው ሰው የባሰ መከራ ማየቱ የእርስዎን እንዳልነበረ አያደርገውም። “እኔ ምን ሆኜ ነው?” የሚለው ንግግር ራሱ ማንንም ላለማስቸገር የምትጠነቀቀው የዚያች ልጅ ንግግር ይመስለኛል።

“ትንሽ እረፊ” የሚለው የወዳጅ ምክር የማይጠቅምዎትም ለዚህ ይሆናል። ጋደም ሲሉ ሰውነትዎ የሚጠብቀው ዕረፍትን ሳይሆን ተቀምጠው መገኘትን ነው። የልጅነት ቁስልን ያገናዘበ የሥነ ልቦና ሕክምና ሥራውን የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው፤ ያለፈውን በመጀመሪያው ቀን አያስቆፍርም። አስቀድሞ ሰውነት ሥጋት እንደሌለ እንዲለምድ ይረዳል፤ ምን እንደሚነገርና መቼ እንደሚነገርም ታካሚዋ ራሷ ትወስናለች፤ ሐዘኑ የሚነሣው ከዚያ በኋላ ነው።

በቅድሚያ ሐኪም ዘንድ ቀርበው የደም ማነስና የታይሮይድ ዕጢ ምርመራ ቢያደርጉ መልካም ነው፤ ሁለቱም እንዲህ ያለ ድካም ሊያመጡ ይችላሉ። ሕይወት የሚያስጠላ ሐሳብ ከመጣብዎ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። ቤትዎ ውስጥ፣ ከቻሉ፣ ባለቤትዎ ሽሮ ሲሠሩ እንዳለ ይብሉት፤ ሊከብድዎት እንደሚችል አውቃለሁ፤ ባይሆንልዎት ራስዎን አይውቀሱ። እናትዎንና አክስትዎን ስለ ድሮው ለመጠየቅ አሁን አይቸኩሉ።

ከሁሉ በላይ የምመክርዎት ከባለሙያ ጋር ፊት ለፊት እንዲነጋገሩ ነው። የባንክ ሥራ አስኪያጅን ደብረ ብርሃን ላይ የማያውቃት ስለሌለ “ሰው ያየኛል” ብለው ከሠጉ አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አንድ ነገር ግን አስቀድመው ይወቁ። እዚያም ቢሆን ጎበዝ ታካሚ ለመሆን ይሞክሩ ይሆናል፤ የባለሙያውን ፊት እያዩ፣ እሱን ላለማስቸገር ብለው ሳይሻልዎት “ተሽሎኛል” ይሉ ይሆናል። ይህን ጠባይዎን በመጀመሪያው ቀን ራስዎ ይንገሩት፤ በጥቂት ሳምንታት ለውጥ ባያዩም ቶሎ አያቋርጡት።