ባሌ ቢቀባው ኃጢአት ይሆንበታል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ከሐይቅ ነው የምጽፍልዎ። በተክሊል ተጋብተን አራት ልጆች ወልደናል፤ የመጨረሻውን በኦፕራሲዮን። የሦስት ወሩን የወሊድ መከላከያ መርፌ እወጋለሁ፤ ነጠብጣብ ደም ግን አልቆም አለኝ። መስከረም 21 ግሸን ድረስ ሄጄ ቅጥሩ ውስጥ ሳልገባ ተመለስሁ። ለንስሐ አባታችን አልቅሼ ነገርኋቸው። ባሌ ደግሞ ለወንድ የሚቀባ መከላከያ እየተሠራ ነው ሲባል ሰምቶ «ይምጣ እንጂ እኔ እቀባለሁ» ይላል። ኃጢአት ይሆንበታል?

መልስ፦ እኅቴ፣ ከሁሉ በፊት ያ ደም ኃጢአትሽ አይደለም። አሥራ ሁለት ዓመት ደም ሲፈስሳት የኖረችው ሴት የልብሱን ጫፍ ስትነካ ጌታ «ልጄ ሆይ፥ አይዞሽ» ነው ያላት። ሥርዓቱን አክብረሽ ከደጅ ሆነሽ የጸለይሽውም ይሰማል።

ባልሽ የሰማው እውነት ነው። ሁለት ሆርሞን ያለበት ቅባት ነው፤ ወንዱ በየቀኑ ትከሻውን ይቀባዋል፣ ዘሩ መመረቱን እየቀነሰ ይሄዳል፣ ሲተወው ይመለሳል። በባልና ሚስት ላይ መሞከር የጀመረው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2018 ነው፤ ገና ለገበያ አልበቃም።

አባቶች በመከላከያ ጉዳይ አንድ ቃል እንዳልሆኑ አልደብቅሽም። «ብዙ፥ ተባዙ» የሚለውን ይዘው ሁሉንም የሚከለክሉ አሉ። ልጅን እንደ ሸክም ቆጥሮ ለሚሸሽ እኔም እንደዚያው እላለሁ፤ አራት ወልዳ በቢላ የተረፈችን እናት ግን ከዚያ ጋር አልቆጥራትም። አዲስ መድኃኒት ሲመጣ የምጠይቀው የተፀነሰውን ያጠፋል ወይ ብዬ ነው። ካጠፋ «አትግደል» ተብሏል፣ ክርክር የለውም። ይህኛው ዘሩ ሳይፈጠር የሚያስቀር ስለሆነ ከነፍስ ማጥፋት አላገባውም።

የባልሽ ቃል ግን ልቤን ነካው። እዚህ ደሴ አንዲት እናት ከጉባኤ በኋላ ቀርባ፣ ክንዷ ውስጥ ያስቀበረቻትን የክብሪት እንጨት የምታህል የወሊድ መከላከያ በነጠላዋ ላይ እየዳሰሰች «ባሌ እንዳያገኛት ሁልጊዜ እሸፍናታለሁ» አለችኝ። ልጁ የሁለቱ ነው፤ ጭንቀቱ ለምን የእሷ ብቻ ይሆናል? ሐዋርያው ለጸሎት ስለ መለየት እንኳ ሲጽፍ «ተስማምታችሁ» ነው ያለው።

ቅባቱ እስኪመጣ ደሙን ችለሽ አትቀመጪ። በዚህ መርፌ የታወቀ ነገር ነው፤ ጤና ጣቢያ ሄደሽ ንገሪ፣ ሌላ ዓይነት ሊለውጡልሽ ይችላሉ። ንስሐ አባታችሁ ዘንድም እስካሁን ያለቀስሽው አንቺ ብቻ ነሽ። አሁን ባልሽ አብሮሽ ይሂድና፣ ለእኔ በአንቺ በኩል የላከውን ቃል ለእሳቸው በራሱ አፍ ይንገራቸው።