ባሌ ማልዲቭስ ይላል፣ እኔ ዛንዚባር፣ እህቴ ሲሸልስ… ከህፃናት ጋር የቱ ደሴት ይሻላል?

ጥያቄ፦ ሰላም የአምዱ አዘጋጆች፣ እንደምን ናችሁ? የምፅፍላችሁ ከአዲስ አበባ ነው። የ5 ዓመት ወንድና የ2 ዓመት ሴት ልጅ አሉኝ፣ ነሐሴ ላይ ትምህርት ቤት ተዘግቶ እያለ ለመጀመሪያ ጊዜ ባህር እናሳያቸው ብለን እያጠራቀምን ነው፣ እናቴም አብራን ትሄዳለች። ግን መስማማት አቃተን። ባለቤቴ ቲክቶክ ላይ ያየው ማልዲቭስ ውሃ ላይ የተሰራው ቤት ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ብሏል፣ እኔ ዛንዚባር ይቀርባል እላለሁ፣ እህቴ ደግሞ ለልጅ ሲሸልስ ነው ትላለች። እናቴ ፍልሰታን ስለምትፆም እዛ ሄዳ ምን ትበላለች የሚለውም አሳስቦኛል። እባካችሁ አንዱን ቁረጡልን።

መልስ፦ እህቴ ቁረጡልን ካልሽማ ልቁረጥ፣ ዛንዚባር ሂዱ፣ ዛንዚባርም ሰሜኑ ጫፍ፣ ኬንድዋ ወይም ኑንግዊ። አሁን ለምን እንደሆነ ልንገርሽ፣ ባለቤትሽም ያንብበው።

ማልዲቭስ ቆንጆ አይደለም ያለ የለም፣ ግን ነሐሴ እዛ የዝናብና የነፋስ ወቅት ነው፣ ከኛ ክረምት ሸሽቶ ሌላ ክረምት ውስጥ መግባት ማለት ነው። ደግሞ ብዙ ጊዜ በዱባይ ወይ በዶሃ በኩል ዞሮ ነው የሚኬደው፣ ዋና ከተማዋ ማሌ ከደረሳችሁ በኋላም ሪዞርቱ ድረስ በስፒድቦት ወይ ውሃ ላይ በምታርፈዋ ትንሽ አውሮፕላን ነው፣ እሷ ደግሞ የምትበረው በቀን ብርሃን ብቻ ስለሆነ ማታ ከገባችሁ ማሌ አካባቢ ማደር ነው፣ ሂሳቡም በየሰው ነው። ሰውየው የወደደው ቤት ደሞ ብዙ ጊዜ በረንዳው ላይ መከለያ የሌለው፣ ደረጃው ቀጥ ብሎ ባህር ውስጥ የሚወርድ ነው። የ2 ዓመት ልጅ ይዘሽ እዛ ቤት እንቅልፍ አይወስድሽም። ለነገሩ ትንንሽ ልጅ ላለው ቤተሰብ ያንን ቤት አንሰጥም የሚሉ ሪዞርቶችም አሉ። ልጆቹ ዋና ሲችሉ ሁለታችሁ አስቡበት።

ዛንዚባር ግን ከሰኔ እስከ ጥቅምት ደረቅ ነው፣ ሙቀቱም የሚያቃጥል አይደለም፣ ሸጋ ነፋስ አለው። በረራው ቀጥታ ከሆነ ሶስት ሰዓት አይሞላም። ለህፃን ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

አሁን ዋናው ነገር፣ ዛንዚባር ላይ የት ነው የምታርፉት የሚለው። ምን መሰለሽ፣ እኛ ባህር የሌለን አገር ሰዎች ሆቴል ስንመርጥ የምናየው ፎቶውን ነው፣ የባህር ውሃ በቀን ሁለቴ ሞልቶ ሁለቴ እንደሚጎድል ትዝም አይለን። ላንጋኖና ሀዋሳ እየዋኘ ያደገ ሰው ጠዋት ያየው ውሃ ማታም እዛው ይጠብቀኛል ብሎ ነው የሚሄደው። ዛንዚባር ላይ ሙላቱና ጉድለቱ በጣም ይራራቃል፣ ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወጣ ልዩነቱ ወደ 4 ሜትር ይጠጋል። ምስራቁ ዳርቻ፣ ፓጄና ጃምቢያኒ ያለው፣ ወለሉ ለጥ ያለ ስለሆነ ውሃው ሲሸሽ በመቶዎች የሚቆጠር ሜትር ይርቃል። ፓጄ ላይ አንድ ህፃን ባልዲውን ይዞ ሆቴሉ ደጃፍ ቆሞ «ባህሩ የት ሄደ?» እያለ አባቱን ሲያፋጥጥ አይቻለሁ፣ ፊቱ ያለው ነጭ ጭቃና ኩሬ ብቻ ነው፣ ርቆ ርቆ ደግሞ የሰፈሩ ሴቶች እስከ ጉልበታቸው ውሃ ውስጥ ገብተው በችካልና በገመድ የተከሉትን የባህር ሳር ይሰበስባሉ። ለአዋቂ ውብ ነው፣ እኔም ብቻዬን ብሄድ ምስራቁን ነው የምመርጠው። የ5 ዓመት ልጅ ግን ልዋኝ ብሎ ነው የመጣው፣ ውሃው እስኪመለስ ለስድስት ሰዓት ያህል ጠብቅ ብትዪው አይገባውም። ኩሬ ለኩሬ ላጫውተው ብትዪም ድንጋዩ ስር ጃርት የመሰለች ጥቁር እሾሃም እንስሳ አለች፣ ከረገጣት እሾኋ ቆዳ ውስጥ ተሰብሮ ይቀራል፣ ያን ቀን መዝናናት አበቃ።

ሰሜኑ ላይ ውሃው ይጎድላል ግን ያን ያህል አይርቅም፣ ቀኑን ሙሉ መግባት ይቻላል፣ ኬንድዋ ደግሞ አሸዋው ሰፊና ለስላሳ ነው። ቀን ከመቁረጣችሁ በፊት ኢንተርኔት ላይ «ዛንዚባር ታይድ» ብለሽ የሙላትና የጉድለቱን ሰንጠረዥ እይው፣ ሰዓቱ በየቀኑ 50 ደቂቃ ገደማ ወደኋላ እየዘገየ ስለሚሄድ የመጀመሪያው ቀን ጠዋት የሞላው በሳምንቱ ጠዋት ጎድሎ ታገኚዋለሽ። ለሁሉም ልጆቹ የሚገጥም የውሃ ጫማ ከዚሁ ገዝተሽ ያዢ። አንድ ሌላ ነገር፣ ጨረቃ ሙሉ በምትሆንበት ሰሞን ኬንድዋ ላይ እስከ ንጋት የሚደለቅበት ፓርቲ አለ፣ ስለዚህ ሆቴሉ ከሱ ምን ያህል ይርቃል ብለሽ ጠይቂ፣ ሳትጠይቂ ሄደሽ ሌሊቱን ሙሉ ዲጄ ሲጮህባችሁ እንዳታድሩ።

የሰሜኑ ጉድለት ርቀቱ ነው። ከኤርፖርት አንድ ሰዓት ተኩል ያህል በመኪና ነው፣ ትልቁ ሆስፒታል ምናዚ ምሞጃም ያለው ስቶን ታውን፣ ማለትም የከተማዋ አሮጌው ሰፈር ነው። ስለዚህ ሆቴሉ ሀኪም የሚጠራበት መንገድ አለው ወይ የሚለውን ከዋጋው በፊት ጠይቂ። የትኩሳት መድሃኒት፣ ቴርሞሜትር፣ ኦአርኤስ ይዘሽ ሂጂ። ወባ ዛንዚባር ላይ በጣም ቀንሷል ግን አልጠፋም፣ የአዲስ አበባ ልጅ ደግሞ ወባ የማያውቅ ሰውነት ነው ያለው፣ አጎበር ያለው ክፍል ይሁን፣ የመከላከያ መድሃኒት ያስፈልጋል አያስፈልግም የሚለውን ደግሞ የልጆቹን ኪሎ አይቶ የሚወስነው ሀኪማቸው ነው። የቢጫ ወባ ክትባት ከበረራው ቢያንስ 10 ቀን ቀድማችሁ ተከተቡ፣ ካርዱን ይጠይቋችኋል፣ ትንሿም ጭምር። በፈረንጆቹ ከ2024 ጥቅምት ወዲህ ደግሞ ዛንዚባር የራሷን ኢንሹራንስ ታስገዛለች፣ ለአዋቂ 44 ዶላር ነው፣ ለልጅ ይቀንሳል። ፌስታል ታንዛንያ ውስጥ ክልክል ስለሆነ የዳይፐር ፌስታሎችሽን በጨርቅ ቦርሳ ቀይሪ።

እናትሽን በተመለከተ የኔ ምክር ቀኑን ከነሐሴ 16 በኋላ አድርጉት ነው። ፍልሰታ ተፈቶ እሳቸውም ነፃ ይሆናሉ፣ ትምህርት እስኪከፈትም ጊዜ አለ። አይ ቲኬቱ ቀድሞ ተቆርጧል ካልሽም አይራቡም፣ በኮኮናት ወተት የተሰራ ቦሎቄ አለ (ቦሎቄውን ማሃራጌ ይሉታል)፣ ቻፓቲ፣ ሩዝ፣ የተጠበሰ ሙዝ፣ ፍራፍሬው በሽ ነው፣ ብቻ ቻፓቲው በቅቤ ነው በዘይት ብለሽ ጠይቂላቸው። አሳውን የፆም ነው አይደለም የሚለውን ለእሳቸውና ለንስሐ አባታቸው ተዪው፣ እኔ አልገባበትም ሃሃ።

እህትሽ ሲሸልስ ማለቷ ስህተት የለውም፣ ወባ የለም፣ ቪዛ የሚባል ነገር የለም፣ የጉዞ ፈቃድ ኦንላይን መሙላት ብቻ ነው። ግን ውድ ነው፣ ደግሞ ከግንቦት እስከ መስከረም ከደቡብ ምስራቅ የሚመጣው ነፋስ ባህሩን ያናውጠዋል፣ ከዋናው ደሴት ከማሄ ወደ ፕራስሊን ደሴት በጀልባ ስትሻገሩ ልጆቹ ማስመለሳቸው ነው። ነሐሴ ላይ ግድ ካላችሁ ማሄ ላይ ቦ ቫሎን የሚባለው ዳርቻ አርፋችሁ ሌላ ደሴት አትነካኩ። ትልልቆቹን ኤሊዎች ለማየት ከሆነ ደግሞ ስቶን ታውን ፊት ለፊት ቻንጉ የሚሏት ደሴት ላይ ከሲሸልስ የመጡ የኤሊዎች ዘሮች አሉ፣ በጀልባ ግማሽ ሰዓት ነው፣ ልጅሽ ቅጠል ያበላቸዋል፣ እህትሽም ሲሸልስን አየን በሏት።

ጥያቄ፦ ከቨርጂኒያ ነን፣ ለፋሲካ አገር ቤት እንመጣለን፣ የ7 እና የ3 ዓመት ልጆች አሉን፣ አራታችንም የአሜሪካ ፓስፖርት ነው። አንድ ሳምንት ደሴት ላይ ብናሳልፍ የት ይሻላል? ሞምባሳም አስበናል።

መልስ፦ ለእናንተ መልሱ ይገለበጣል። ሚያዝያ ዛንዚባር ትልቁ ዝናብ ላይ ናት፣ ዘግተው የሚያድሱ ሆቴሎችም አሉ፣ ቪዛውም ለአሜሪካ ፓስፖርት በነፍስ ወከፍ 100 ዶላር ነው፣ አራት ስትሆኑ አስቡት። ሞምባሳም ያው ዝናብ ነው፣ ደግሞ ከተማዋ ናት ደሴት እንጂ ሰው የሚወዳቸው ዳርቻዎች፣ ኒያሊም ዲያኒም፣ ዋናው መሬት ላይ ናቸው። ሚያዝያ ላይ የሲሸልስ ባህር በሁለቱ ነፋሶች መሃል ስለሚሆን ፀጥ ይላል፣ በጀቱ ከፈቀደ ፕራስሊን ላይ አንስ ቮልበርት የሚባለው ጋ አንድ ቤት ከነኩሽናው ተከራዩ፣ ውሃው ለረጅም ርቀት ጥልቀት የለውም፣ የ3 ዓመቷ እንኳን ትቆምበታለች። ምግብ ራሳችሁ ብታበስሉ ወጪው ብዙ ይቀንሳል። የመኪና የልጅ መቀመጫ ታክሲ ላይ አትጠብቁ፣ ቀድማችሁ ጠይቁ ወይ ይዛችሁ ኑ። እና ፓስፖርታችን አሜሪካዊ ነው ብላችሁ በቢጫ ወባ ካርድ እንዳትዘናጉ፣ እነሱ የሚያዩት ከየት አገር እንደመጣችሁ ነው፣ ኢትዮጵያ ደግሞ ዝርዝሩ ውስጥ አለች።

ጥያቄ፦ ውጭ መሄድ አቅሜ አይፈቅድም፣ የ4 ዓመት ሴት ልጄን ይዤ ጣና ደሴቶች ብሄድስ?

መልስ፦ መጀመሪያ የመንገዱንና የአካባቢውን ፀጥታ እዛው ከሚኖር ሰው ደውለሽ አጣሪ። ሰላም ከሆነ ለጀልባና ለገዳም ጣናን የሚያህል የለም፣ ግን ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባባቸውም፣ ህፃንም ብትሆን። ኡራ ኪዳነ ምህረት ዘጌ ላይ ትገባላችሁ፣ ስዕሎቹን ስታይ ልጅሽ ጥያቄ ታበዛብሻለች። ላይፍ ጃኬት በልጅ ልክ ያለው ጀልባ ካላገኘሽ አትሳፈሪ። ውሃው ውስጥ ግን አታስገቢያት፣ ጣና ቢልሃርዚያ፣ ውሃ ውስጥ ሆኖ በቆዳ የሚገባ ጥገኛ ትል፣ አለበት። ልጅሽ የምትፈልገው መንቦራጨቅ ብቻ ከሆነ ላንጋኖ ይሻልሻል፣ ውሃው ቡናማ ነው እንጂ ቢልሃርዚያ የለበትም ተብሎ ነው የሚታወቀው፣ ከእሁድ ማታ እስከ ሐሙስ ከሄድሽ ደግሞ ሰውም ይቀንሳል፣ ዋጋም ላይ መደራደር ትችያለሽ።